ሙሉ ኪቦርድ፣ ጎደሎ ፊደል፦ የድሮው ኮሙኒኬተር ዛሬ ድሬዳዋ ላይ ምን ይሠራል?

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ውስጥ ያገለገሉ ስልኮች ከሚደረደሩባቸው ጠረጴዛዎች በአንዱ ላይ አልፎ አልፎ የመነጽር ማስቀመጫ የሚመስል ነገር ይታያል። ሲዘጋ ወፈር ያለ ተራ ሞባይል ነው። በቁመቱ ሲከፈት ግን ከውስጥ ሰፊ ስክሪንና ከኮምፒውተር ላይ የተነቀለ የሚመስል ኪቦርድ ይወጣል። ኖኪያ ኮሙኒኬተር ነው። ዘመኑን የሚያውቁ ከመሳቢያ እያወጡት ነው፤ የማያውቁት ወጣቶች ደግሞ ቲክቶክ የሌለበት ስልክ ሲፈልጉ ይጠይቁታል። ያዋጣል ወይ? መልሱ ከስልኩ ዕድሜ ይልቅ ባለቤቱ በየትኛው ቋንቋ እንደሚጽፍ ላይ ያርፋል።

ስሙ አንድ ቢሆንም ስልኮቹ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው 9000 እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ 397 ግራም ይመዝን ነበር፤ መቶ ግራም ቢጨመርበት ግማሽ ኪሎ ሊሞላ። በውስጡ 24 ሜጋኸርዝ የኢንቴል 386 ፕሮሰሰርና 8 ሜጋባይት ሜሞሪ ነበረው። በ1998 ቀለል ያለው 9110፣ በ2001 ባለ ቀለም ስክሪኑ 9210፣ በ2004 ዋይፋይ ያለው 9500፣ በ2005 ወደ 167 ግራም የወረደው 9300፣ በ2007 ደግሞ 3ጂ የያዘው ኢ90 ተከታተሉ። 9000 ሲወጣ ኢትዮጵያ ውስጥ የሞባይል ኔትወርክ ራሱ አልነበረም፤ አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። 9500 ሲመጣ ደግሞ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ አጭር መልእክት ተቋርጦ ከሁለት ዓመት በላይ ቆየ። ያን ሰሞን እዚህ አገር ኮሙኒኬተር የያዘ ሰው የገዛው ኪቦርድ ቢሆንም የሚሠራበት ለመደወል ብቻ ነበር።

ኪቦርዱ የማን ነው?

በእነዚህ ስልኮች ላይ ያሉት ፊደላት የላቲን ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ይህ ቀላል ጉድለት ይመስላል። ድሬዳዋ ላይ ግን ከተማውን ለሁለት ይከፍላል፤ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ የሚጻፍበት ከተማ ነውና። ሶማሊኛ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በላቲን ይጻፋል፤ ኦሮምኛም ቁቤን ይጠቀማል። ሁለቱም ከእንግሊዝኛ ፊደላት ውጭ የሚጠይቁት የለም ማለት ይቻላል። አንዲቷ የላይ ጭረትም ኪቦርዱ ላይ አለች። ስለዚህ ኮሙኒኬተሩ ለኦሮምኛና ለሶማሊኛ ጸሐፊ ከመጀመሪያው ቀን ሙሉ ኪቦርድ ነው።

እንዲያውም ከተራው ሞባይል ጋር ሲነጻጸር ትርፉ ለእነሱ ይበዛል። ሁለቱም ቋንቋዎች ረጅም አናባቢን ሁለት ጊዜ ደግመው ይጽፋሉ፤ ቁቤ የሚጠብቀውን ተነባቢም ይደግማል። በአሥራ ሁለት ቁልፍ ስልክ ላይ ድግግሞሽ ጠላት ነው። የድሬዳዋን ስም በቁቤ የሚጽፍ ሰው ክፍት ቦታውን ጨምሮ 22 ጊዜ ቁልፍ መንካት አለበት፤ በዚያ ላይ ሦስት ቦታ ላይ ጠቋሚው እስኪያልፍ ቆም ብሎ መጠበቅ አለ፣ ተመሳሳይ ፊደል ሲከታተል ስልኩ እንደ አንድ ስለሚቆጥረው። በሙሉ ኪቦርድ ይኸው ስም 13 ንክኪ ነው፤ መጠበቅ የለም።

የአማርኛ ጸሐፊ ነገር ሌላ ነው። ከ9210 ወዲህ ያሉት ስልኮች የሚሠሩበት ሲምቢያን ጽሑፍን በዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል ሁሉ ቁጥር በሚሰጠው የጋራ ሠንጠረዥ) ያስቀምጣል፤ የግዕዝ ፊደልም ከመስከረም 1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ቦታ አለው። ስለዚህ የአማርኛ መልእክት ወደ ስልኩ በትክክል ይገባል፣ በትክክልም ይቀመጣል። የጎደለው የፊደሉ ሥዕል ነው። ስልኩ ኮዱን እያወቀ የሚሥልበት ስለሌለው በየፊደሉ ምትክ ባዶ ሳጥን ይደረድራል። ይህን ያላወቀ ሰው መልእክቱ ተበላሽቶ መጣ ብሎ ያጠፋዋል። አይጥፋ። ያንኑ የሳጥን ሰልፍ ወደ ሌላ ዘመናዊ ስልክ መልሶ ቢያስተላልፈው ተቀባዩ አማርኛውን እንደወረደ ያነበዋል።

በኢ90 ላይ ሳጥኑን ማጥፋት ይቻላል፤ ሥራውም የአንድ ሻይ ያህል ጊዜ ነው። ማይክሮ ኤስዲ ካርዱን አውጥቶ በካርድ ማንበቢያ ኮምፒውተር ላይ መሰካት፤ በካርዱ ላይ ‘ሪሶርስ’ የሚል ፎልደር፣ በውስጡም ‘ፎንትስ’ የሚል ሌላ ፎልደር በእንግሊዝኛ ፊደል መፍጠር፤ የግዕዝ ፊደል ያለበትን ቱሩታይፕ ፋይል እዚያ ቀድቶ ስሙን ስልኩ ለራሱ በሚጠቀምበት የፊደል ፋይል ስም መቀየር፤ ካርዱን መልሶ ስልኩን አጥፍቶ ማብራት። ካርዱ በኮምፒውተር የሚሞላበት ምክንያት አለ፦ ስልኩ ውስጥ ሆኖ ይህን ፎልደር መንካት የስልኩ ጥበቃ ይከለክላል። ፊደሉ ላቲንንም የያዘ መሆን አለበት፤ አቢሲኒካ የተባለው ነጻ ፊደል ሁለቱንም ይዟል። ላቲን የሌለው ከተጫነ የስልኩ ሜኑ ራሱ ሳጥን ይሆንና ባለቤቱ ይደነግጣል። መፍትሔው ካርዱን ነቅሎ ማብራት ብቻ ነው፤ ስልኩ ወደ ቀድሞ ፊደሉ ይመለሳል። ግዕዝ እንደ ዓረብኛ ፊደል ከፊደል የማይያያዝ፣ እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው የሚቆም መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ሥዕሉ ከተገኘ ሌላ ብልሃት አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ ከዓመታት በፊት ሳጥን ሆነው የተቀመጡ መልእክቶች ሳይቀሩ ይነበባሉ። በ9210፣ በ9300 እና በ9500 ግን ይህ አይሠራም፤ የእነሱ የፊደል ፋይል ዓይነቱ ሌላ ስለሆነ ቱሩታይፕን በቀጥታ አይቀበሉም።

ይህ ሁሉ ለማንበብ ነው። ለመጻፍ ስልኩ የግዕዝ መንገድ የለውም። አንድ ዘዴ አለ፦ ዘመናዊ ስልክ ያለው ሰው ‘ደርሷል’፣ ‘እሺ ነገ’፣ ‘ገንዘቡ ገብቷል’ የመሳሰሉ አዘውትሮ የሚያስፈልጉ ቃላትን በአንድ መልእክት ይልካል፤ ባለ ኢ90ው መልእክቱን ለማስተላለፍ ከፍቶ የማይፈልገውን አጥፍቶ የቀረውን ይልካል። ከሁለት ዓረፍተ ነገር በላይ ሲሆን ግን ያሰለቻል። የቀረው አማራጭ አማርኛን በላቲን መጻፍ ነው። እዚህ ላይ ‘ጠራ’ እና ‘ተራ’ አንድ ይሆናሉ፤ ‘ሰፈረ’ እና ‘ጸፈረ’ም ላይለዩ ይችላሉ። ሙሉው ኪቦርድ እውነተኛ ጥቅም የሚሰጠው በዚህ ቦታ ነው፦ ለጠ፣ ለጨ እና ለጸ ተጓዳኙን የላቲን ፊደል ትልቅ አድርጎ መጻፍ በተራ ስልክ አድካሚ ሲሆን በኮሙኒኬተር ሺፍትን አብሮ መጫን ብቻ ነው።

በመንገዳችን ላይ አንድ የተለመደ አባባል እናርም። በፊደል የተጻፈ መልእክት እጥፍ ያስከፍላል ይባላል። በላቲን የተጻፈ አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፤ በግዕዝ የተጻፈ ደግሞ 70 (መልእክቱ ከአንድ ሲበልጥ 153 እና 67 ይሆናሉ)። ቁጥሩ ከግማሽ በታች ነው፤ ግን ‘ድሬዳዋ’ በፊደል አራት፣ በላቲን ስምንት ነው። ተነባቢና አናባቢን በአንድ ስለምንጽፍ ልዩነቱ ከሞላ ጎደል ይጣጣማል። ኪሳራው የሚመጣው በላቲን በተጻፈ ረጅም መልእክት ውስጥ አንዲት የግዕዝ ፊደል ስትገባ ነው፤ ያኔ መልእክቱ በሙሉ በ70 ይቆጠራል።

ኔትወርኩ እስካለ

ከኢ90 በስተቀር ሁሉም ኮሙኒኬተሮች የሚያውቁት 2ጂን ብቻ ነው። 9000 እና 9110 በ900 ሜጋኸርዝ፣ 9210 በ900 እና በ1800 ይሠራሉ። እንደ ሲንጋፖርና አውስትራሊያ ያሉ አገሮች 2ጂን ከዘጉ ዓመታት ስላለፉ እዚያ እነዚህ ስልኮች ሰዓትና ማስታወሻ ከመሆን አያልፉም። እዚህ 2ጂ አለ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም የሙከራ አገልግሎቱን ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ከሌላው ከተማ ቀድሞ ድሬዳዋ ላይ ሲጀምር ከ3ጂ እና ከ4ጂ ጋር 2ጂን ይዞ ነው የመጣው። ለምን ያህል ጊዜ የሚለው የገንዘብ ጥያቄ ነው፤ የ1800 ሞገድ ለ4ጂም የሚፈለግ ነውና። ዛሬ ኮሙኒኬተር የሚገዛ ሰው የሚከፍለው ለተወሰነ ዕድሜ መሆኑን አውቆ ይክፈል።

ኢ90 የያዘ ሰው ድሬዳዋን ለቆ የደንገጎን ዳገት ወደ ሐረር ሲወጣ ስልኩ በ3ጂ እና በ2ጂ መካከል ሲዋልል ባትሪውን ይጨርሳል። በኔትወርክ ማስተካከያው ውስጥ 2ጂን ብቻ መምረጥ ይህን ያስቀራል፤ ለመደወልና ለመልእክት የሚቀንስበት ነገር የለም።

ሲም ካርዱ ትልቁ ዓይነት፣ 25 በ15 ሚሊሜትር ነው። ቀድሞ ወደ ናኖ የተሰበረ ካርድ ክፈፍ ያስፈልገዋል። ልል ክፈፍ ካርዱን ሲያነሣና ሲጥለው ‘ሲም ያስገቡ’ የሚል ጽሑፍ እየመጣ ይጠፋል፤ ብዙ ሰው ስልኩ የተበላሸ የሚመስለው በዚህ ነው። በ1990ዎቹ ስልኮች ላይ ሌላም ጣጣ አለ፤ አንዳንዶቹ ለካርዱ 5 ቮልት የሚሰጡ ሲሆኑ የዛሬዎቹ ካርዶች ለ3 እና ለ1.8 ቮልት የተሠሩ ናቸው።

በኮከብና በመሰላል የሚደወሉ አገልግሎቶች በሙሉ ይሠራሉ። ቴሌብር በ*127#፣ ሲቢኢ ብር በ*847#፣ ቀሪ ሒሳብ በ*804#፣ ካርድ መሙላት በ*805* ብሎ ቁጥሩንና # አስከትሎ። ክዳኑን ዘግቶ ከውጪው ቁልፎች መደወል ይሻላል። የሜኑው ቋንቋ አማርኛ ከሆነ ግን እንደገና ሳጥን ነው፤ ገንዘብ የሚላክበት ገጽ ላይ በሳጥን መካከል 1 ወይም 2 ብሎ መገመት ደግሞ ቀልድ አይደለም። አስቀድሞ የአገልግሎቱን ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ፣ ካለም ወደ ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ መቀየር ግድ ነው።

በንግግር ላይ እያሉ ክዳኑን የሚከፍቱ ሰዎች ይጠንቀቁ። በ9500 እና በኢ90 ክዳኑ ሲከፈት ድምፁ ወደ ስፒከር ያልፋል። ባጃጅ ውስጥ ከሆነ ሹፌሩም የሒሳቡን ጉዳይ ይሰማል።

ማጠፊያው፣ ባትሪው፣ ሙቀቱ

የሚታጠፍ ስልክ በሽታ ማጠፊያው ላይ ነው። የውስጡን ስክሪን ከዋናው ሰሌዳ ጋር የሚያገናኘው ፍሌክስ (ስስ ተጣጣፊ ገመድ) በማጠፊያው ውስጥ ያልፋል፤ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ይታጠፋል፣ ውሎ አድሮ ከውስጡ ካሉት ስስ የመዳብ መስመሮች አንዱ ይበጠሳል። ከመግዛት በፊት የሚደረገው ምርመራ ቀላል ነው። ስልኩን አብርቶ ክዳኑን በጣም ቀስ እያሉ መክፈት፣ በየማዕዘኑ ቆም ማለት፣ ከዚያ እንዲሁ ቀስ ብሎ መዝጋት። አንድ ማዕዘን ላይ ስክሪኑ ከነጣ፣ መስመር ካወጣ ወይም ከጠፋና ትንሽ ሲነቃነቅ ከተመለሰ ፍሌክሱ ነው። በየትኛውም ማዕዘን ካልበራ፣ የውጪው ስክሪን ግን የሚሠራ ከሆነ፣ ፍሌክሱ ሙሉ በሙሉ ተበጥሶ ወይም ስክሪኑ ራሱ ሞቶ ይሆናል፤ ሳይፈታ አይለይም። ሻጩ ክዳኑን ራሱ በፍጥነት ከፍቶ ‘ይኸው ይሠራል’ ካለ ስልኩን ከእጁ ተቀብሎ በዝግታ መድገም ነው።

የፍሌክስ መለወጫ ከሌላ የሞተ ስልክ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ልምድ ያለው ሞባይል ሠሪ ሁለት የተበላሹ ስልኮችን አንድ አድርጎ ይሰጣል። ገዢው በዚህ ቅር ሊለው አይገባም፤ ግን *#06# ብሎ የሚመጣውን ቁጥር ከባትሪው ሥር ካለው ወረቀት ጋር ያስተያይ። ካልገጠመ ሰሌዳው የሌላ ስልክ ነው፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ይውረድ።

የድሬዳዋ አቧራ ማጠፊያው ውስጥና ከቁልፎቹ ሥር ይገባል። ቁልፍ ሲነካ የማይሰማ ከሆነ በአብዛኛው ሥሩ ያለችው ትንሽ የብረት ጉልላት ቆሽሻ ነው። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጠርጎ፣ ከ90 በመቶ በላይ አልኮል በነካ ጥጥ ጠርጎ፣ ጥላ ውስጥ ማድረቅ ይበቃል። ቲነርና ቤንዚን ፕላስቲኩን ያቀልጣሉ፣ የቁልፉንም ጽሑፍ ያጠፋሉ፤ በዚህ የተበላሹ ኪቦርዶች በአቧራ ከተበላሹት ይከፋሉ።

ባትሪ ላይ ደስ የሚለው ነገር ኖኪያ አንዱን ባትሪ ለብዙ ስልክ ይጠቀም የነበረ መሆኑ ነው። የኢ90 ባትሪ ቢፒ-4ኤል በኢ71፣ በኢ72 እና በኢ63ም አለ፤ የ9500ው ቢፒ-5ኤል በኢ61 አለ፤ የ9300ው ቢፒ-6ኤም በኤን73 አለ። ባለ ሱቁን ‘የኮሙኒኬተር ባትሪ’ ብሎ መጠየቅ ‘የለም’ ያስብላል፤ ‘የኢ71 ባትሪ’ ቢሉት ሊያወጣ ይችላል። የ9210ው ቢኤልኤል-3 ግን ከባድ ነው።

የተገኘው ባትሪ ደህና መሆኑን ለማወቅ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀምጦ በጣት ማዞር ነው። እንደ እንዝርት ከተሽከረከረ ሆዱ አብጧል፤ አይገዛም፣ አይሞላም። ያላበጠውን በቴስተር መለካት፦ ሞልቶ 4.2 ቮልት አካባቢ፣ በመደበኛው 3.7። ለዓመታት ተቀምጦ ከ3 ቮልት በታች የወረደ ባትሪ በውስጡ ያለው መከላከያ ስለሚዘጋው በቻርጀር አይነሣም። በቀጥታ በሽቦ ‘የሚያስነሡ’ ሠሪዎች አሉ፤ ለአንድ ቀን ይነሣ ይሆናል፣ ግን የሊትየም ባትሪ ከዚያ ደረጃ ከወረደ በኋላ ውስጡ ስለሚጎዳ ሲሞላ ሊግል ይችላል። መጣል ይሻላል። አዲስ የተባለ ባትሪ ገብቶ ስልኩ ‘አይሞላም’ ካለ ደግሞ ጥፋቱ የቻርጀሩ ላይሆን ይችላል፤ ከመካከለኞቹ እግሮች አንዱ ስልኩ የባትሪውን ዓይነት የሚያነብበት ስለሆነ አስመስሎ የተሠራ ባትሪ እዚያ ላይ የተሳሳተ ንባብ ይሰጣል። ቻርጀሩም ይለያያል፦ 9500 እና 9300 ወፍራሙን ፒን፣ ኢ90 ቀጭኑን ይጠቀማሉ። ወፍራሙን ወደ ቀጭን የምትቀይረው ትንሽ ቁራጭ በየሞባይል ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ትገኛለች።

ሙቀት ለዚህ ሁሉ ማፋጠኛ ነው። የሊትየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ ሲሞላ ይጎዳል፤ በግንቦትና በሰኔ ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ ያገኘው የባጃጅ ፊት ወይም የሱቅ መስኮት ይህን በቀላሉ ያልፋል። ሐረር ከፍታዋ 1,900 ሜትር ገደማ ስለሆነ ነገሩ ይቀላል። ስልኩን ለማስቀመጥ የሚፈልግ ሰው ባትሪውን ግማሽ ሞልቶ፣ ከስልኩ አውጥቶ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ያኑረው።

የማይሠራው

ኢንተርኔቱ። ማስታወቂያው ላይ ዋና የነበረው ነገር ዛሬ የመጀመሪያው ሙት ነው። 9210 ጂፒአርኤስ (የ2ጂ ኢንተርኔት) እንኳ የለውም። የ9500 ዋይፋይ ከዛሬዎቹ የይለፍ ቃል ጥበቃዎች በፊት የተሠራ ነው፤ የኢ90ው ከቤት ራውተር ጋር ይገናኛል፣ ብሮውዘሩ ግን ዛሬ ድረ ገጾች የሚጠቀሙበትን ምስጠራ ስለማያውቅ ገጹን ሳይከፍት ‘ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም’ ብሎ ይቆማል። ባትሪው ወጥቶ ቀኑ ወደ ኋላ ከተመለሰ ይህ ስህተት ይብሳል፤ መጀመሪያ ቀኑን ማስተካከል። ዋትስአፕ ሲምቢያንን እ.ኤ.አ. በ2017 አጋማሽ ተሰናብቷል። ለዚህ ሲባል ኮሙኒኬተር የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ይያዝ።

ለመደወል፣ ለመልእክትና ለገንዘብ አገልግሎት ከሆነ 9300 ቀላሉና ለኪስ የሚመቸው ነው። አማርኛ ማንበብ ለሚፈልግ ኢ90 ብቻ። 9000 እና 9110 ለመደርደሪያ ናቸው፤ ሬዲዮ አጠገብ አስቀምጦ ጥሪ ሲመጣ ቀድሞ የሚሰማውን ድርርርታ ለሚናፍቅ ካልሆነ በቀር።

ብዙዎቹ ከመሳቢያ የሚወጡት ግን ለመጠቀም ሳይሆን ውስጣቸው ላለው ነው፤ የነጋዴ አባት የስልክ ማውጫ፣ የድሮ የዕቃ ሒሳብ። 9500 እና ከዚያ ወዲህ ያሉት ብሉቱዝ ስላላቸው ስሞቹን በሙሉ መርጦ እንደ ቢዝነስ ካርድ ወደ አንድሮይድ መላክ ይቻላል፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ሲሆን ከተቋረጠ በሃምሳ በሃምሳ መክፈል። 9210 ብሉቱዝ የለውም፤ ስሞቹን ወደ ሲም ካርድ መቅዳት ይቀላል፣ ሲሙ ግን ረጅም ስም ስለሚቆርጥና ለአንድ ስም አንድ ቁጥር ብቻ ስለሚይዝ ሁለተኛው ቁጥር እንዳይጠፋ ቀድሞ በወረቀት መገልበጥ ነው። የ9500 ሜሞሪ ካርድ ኤምኤምሲ ነው፤ 1.4 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። 2.1 የሆነው ኤስዲ እዚያ አይገባም፤ ገፍቶ ማስገባት ማስገቢያውን ይሰብራል። ኤምኤምሲው ግን የኮምፒውተር ካርድ ማንበቢያ ውስጥ በአብዛኛው ይገባል፤ ሰነዶቹን ከዚያ መቅዳት ስልኩን ጨርሶ ሳያበሩም ይቻላል።